የቨርቹዋል ዴስክቶፕ ተደጋጋሚ መዝገቦችን በየትኛው መንገድ እንከታተል? ለባሕር ዳር የአይቲ ክፍሎች የንጽጽር መመሪያ

ቨርቹዋል ዴስክቶፕ (ሰርቨር ላይ ሆኖ ተጠቃሚው ከሩቅ የሚከፍተው ዴስክቶፕ) የሚጠቀም ድርጅት በየቀኑ ማሽን ይፈጥራል፣ በየቀኑ ማሽን ያጠፋል። እያንዳንዱ ማሽን ሲፈጠር አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅቱ የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች መዝገብ) ላይ አካውንት፣ ዲኤንኤስ (ስምን ከአድራሻ ጋር የሚያገናኘው አገልግሎት) ላይ ስም፣ ዴስክቶፖቹን የሚያከፋፍለው ብሮከር ዳታቤዝ ውስጥ ደግሞ አንድ መስመር ይያዝለታል። ማሽኑ ሲጠፋ ሦስቱ አብረው ካልጠፉ፣ ወይም ሁለት ማሽኖች አንድ ስም ላይ ከተገናኙ፣ ጠዋት ላይ ሎግኢን እንቢ ይላል፤ ተጠቃሚው የሌላ ሰው ማሽን ላይ ሊወድቅም ይችላል። ችግሩ በአንድ ቀን ስለማይታይ ብዙ ጊዜ የሚደረስበት ቅሬታ ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

ክትትሉን የሚሠሩ መንገዶች ከነጻ ትዕዛዝ እስከ በዶላር የሚከፈልበት ሶፍትዌር ይደርሳሉ። ከመምረጣችሁ በፊት ግን የእናንተ ዱፕሊኬት (ተደጋጋሚ መዝገብ) የሚፈጠረው የት እንደሆነ እወቁ። ብሮከሩ ዳታቤዝ ውስጥ የቀረን መስመር የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ኦዲት ሶፍትዌር፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ አያየውም።

## ዱፕሊኬቱ የሚፈጠርባቸው ቦታዎች

ሁለት ዶሜይን ኮንትሮለር፣ አንድ ስም። ዶሜይን ኮንትሮለር አክቲቭ ዳይሬክተሪን የሚይዝ ሰርቨር ነው፤ ዶሜይን ደግሞ በእሱ የሚተዳደሩት ማሽኖችና ተጠቃሚዎች ስብስብ። አንደኛው ኮንትሮለሩ ፔዳ አካባቢ፣ ሁለተኛው ከዓባይ ማዶ ዘንዘልማ የሆነ ድርጅት እናስብ። መስመር በተቋረጠበት ሰዓት በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ስም ያለው ማሽን ቢፈጠር ሁለቱም ኮንትሮለሮች ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበሉታል። መስመሩ ተመልሶ ሪፕሊኬሽን (የኮንትሮለሮቹ የለውጥ ልውውጥ) ሲካሄድ ዘግይቶ የተፈጠረው ስሙን ይይዛል። የቀደመው ስሙ ላይ «ሲኤንኤፍ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላትና ረጅም መለያ ይቀጠልበታል፤ የአካውንት ስሙም በዶላር ምልክትና «ዱፕሊኬት» በሚል ቃል ወደሚጀምር ስም ይቀየራል። ለዚህ የመስመር መቋረጥ እንኳ የግድ አያስፈልግም። በአንድ ሳይት (በፈጣን መስመር የተገናኙ ኮንትሮለሮች ያሉበት ቦታ) ውስጥ ለውጥ የሚተላለፈው በ15 ሰከንድ ገደማ ቢሆንም በሁለት ሳይቶች መካከል ዲፎልቱ 180 ደቂቃ ነው። ያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ክፍት በር ነው።

የ15 ፊደል ገደብ። የዊንዶውስ ማሽን አጭር ስም ከ15 የላቲን ፊደላት አይበልጥም። የካምፓሱን፣ የሕንፃውንና የኮምፒውተር ላቡን ስም ደርድራችሁ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ካስቀመጣችሁና ስሙ 17 ፊደል ከሆነ፣ ተቆርጦ የሚቀረው ቁጥሩ ነው። ያኔ ሁለተኛው ማሽን ዶሜይን ሲገባ የመጀመሪያውን አካውንት ወስዶ ፓስወርዱን ይቀይረዋል፤ የመጀመሪያው ማሽን ከዶሜይኑ ጋር ያለው የትረስት ግንኙነት ይቋረጣል። ይህ ዓይነቱ በጣም አስቸጋሪ ነው፤ ዳይሬክተሪው ውስጥ የሚታየው አንድ አካውንት ብቻ ስለሆነ «ተደጋጋሚ ፈልግ» የሚል ስክሪፕት ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዶሜይን ውስጥ እንዳለ የተቀዳ ኢሜጅ። ዋናው ኢሜጅ (ሌሎቹ ማሽኖች የሚቀዱበት ሞዴል) ከዶሜይን ሳይወጣና ሲስፕሬፕ (የማሽኑን ልዩ መለያ የሚያጸዳው የዊንዶውስ መሣሪያ) ሳይደረግ ከተቀዳ ብዙ ማሽኖች አንድ አካውንት ይጋራሉ። የኮምፒውተር አካውንት ፓስወርድ በዲፎልት በየ30 ቀኑ ስለሚቀየር መጀመሪያ የቀየረው ማሽን ሌሎቹን ያስወጣል። ለዚህ ነው ለሳምንታት ሲሠራ የቆየ ላብ በአንድ ጠዋት የሚፈርሰው። ኦገስት 29 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) እና ከዚያ በኋላ ከወጡት ማሻሻያዎች ወዲህ ደግሞ ዊንዶውስ 11 24ኤች2 እና 25ኤች2፣ እንዲሁም ዊንዶውስ ሰርቨር 2025፣ አንድ ዓይነት የማሽን ኤስአይዲ (የደህንነት መለያ ቁጥር) ባላቸው ክሎኖች (ቅጂዎች) መካከል የከርበሮስና የኤንቲኤልኤም የማንነት ማረጋገጫን ይከለክላሉ። ምልክቱ በማሽኑ የሲስተም ሎግ ላይ የሚወጣው ኢቨንት (የተመዘገበ ክስተት) 6167 ነው። «ሲስፕሬፕ ባናደርግም ሲሠራ ነበር» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አብቅቷል።

እንደገና ጥቅም ላይ የሚውል አካውንት። ከኦክቶበር 2022 ማሻሻያ (ኬቢ5020276) ወዲህ፣ በሌላ ሰው የተፈጠረን የኮምፒውተር አካውንት ተጠቅሞ ዶሜይን መግባት ይከለከላል፤ የስህተት ቁጥሩ 2732 ነው። ቴክኒሻኑ ሥራው እንዲያልቅለት ስሙን ቀይሮ አዲስ ያስገባል፣ አሮጌውም አካውንት እዚያው ይቀራል። መፍትሔው ፑል በሚባለው የዴስክቶፖች ስብስብ ውስጥ ያሉትን ማሽኖች ሁሉ በአንድ የአገልግሎት አካውንት መፍጠር፣ ወይም በማርች 2023 በተጨመረው የግሩፕ ፖሊሲ ቅንብር የታመኑ ባለቤቶችን መለየት ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ሁሉንም የሚፈጥረው አንድ አካውንት ከሆነ ይህ ጥበቃ ከላይ ያለውን የ15 ፊደል ግጭት አያስቆመውም፤ ፈጣሪው አንድ ነውና።

ዲኤንኤስ። የዊንዶውስ ዲኤችሲፒ (ለማሽኖች አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) ዲፎልት የአድራሻ ኪራይ 8 ቀን ነው፤ የዲኤንኤስ ማጽጃው ቢበራም 7 ሲደመር 7 ቀን ይጠብቃል። በሰዓታት ለሚጠፉ ማሽኖች ሁለቱም በጣም ረጅም ናቸው። አንድ አድራሻ ላይ አራት አምስት ስም መደራረቡ ከዚህ ይመጣል።

ብሮከሩ። መብራት ፑሉ እየተፈጠረ ባለበት ሰዓት ከጠፋ፣ ማሽኑ ከሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላይ ጠፍቶ ብሮከሩ ዳታቤዝ ውስጥ ስሙ ይቀራል፤ ወይም ተቃራኒው ይሆናል።

ክላውድ። ከኤንትራ አይዲ (የማይክሮሶፍት የክላውድ ዳይሬክተሪ) ጋር በሃይብሪድ፣ ማለትም በውስጥም በክላውድም፣ የተገናኘ ፑል ካላችሁ፣ ማሽኑ በተፈጠረ ቁጥር አዲስ የመሣሪያ መዝገብ ሊጨመር ይችላል። ማይክሮሶፍት ለማይቆዩ ማሽኖች ከ15 ቀን በላይ ያልታዩትን መዝገቦች ማጥፋትን ይመክራል።

## መመዘኛዎቹ

እያንዳንዱን መንገድ የምንመዝነው በእነዚህ ነው፦ ከላይ ካሉት ቦታዎች የትኞቹን ያያል? ችግሩን በደቂቃ ይነግራል ወይስ በማግሥቱ? ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል? መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰው ሳይነካው ይቀጥላል? ወጪው በብር ነው ወይስ በውጭ ምንዛሪ? ለመሥራትስ ምን ያህል ሥልጣን ይጠይቃል? የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል። መዝገብ ለማንበብ ብቻ የዶሜይን አድሚን ፓስወርድ የሚጠይቅ መሣሪያ ራሱ አደጋ ነው።

የውጭ ምንዛሪው ጉዳይም ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚታደስ ላይሰንስ በብር የሚያስወጣው ገንዘብ አስቀድሞ በጀት ሊያዝለት የሚከብድ ሆኗል። የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የእድሳቱንም ዋጋ ጠይቁ።

## አንደኛ፦ የሌሊት ስክሪፕት

ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር በሚመጡት መሣሪያዎች፣ ማለትም በፓወርሼል፣ በሴትኤስፒኤንና በታስክ ስኬጁለር፣ የሚሠራ ነው። ለአብዛኞቹ ተቋማት መጀመሪያ መቆም ያለበት ይህ ስለሆነ በዝርዝር እንየው።

ስክሪፕቱ ስድስት ነገር ይፈትሽ፦

1. ስማቸው ውስጥ «ሲኤንኤፍ» ያለባቸውን ኦብጀክቶች (የዳይሬክተሪ መዝገቦች) ሁሉ፤ ኮምፒውተሮችን ብቻ ሳይሆን ኦዩዎችን (የዳይሬክተሪ ንዑስ ክፍሎችን) እና ግሩፖችንም ጭምር።
2. የአካውንት ስማቸው በዶላር ምልክትና «ዱፕሊኬት» የሚጀምሩትን።
3. የኮምፒውተር አካውንቶችን በሙሉው የዲኤንኤስ ስማቸው መድቦ፣ ከአንድ በላይ አካውንት ያለውን ስም።
4. ተደጋጋሚ ኤስፒኤንን (አንድ አገልግሎት በዳይሬክተሪው የሚታወቅበትን ስም)። ይህ ሴትኤስፒኤንን በኤክስ ማዘዣ ማስኬድ ነው፤ ለመላው ፎረስት (ለዶሜይኖቹ ስብስብ) ኤፍ ይጨመራል፤ ውጤቱን ወደ ፋይል ስትልኩ ፒ ጨምሩበት፣ አለበለዚያ የሂደት መልእክቱ ፋይሉን ይሞላዋል። ሰርቨር 2012 አር2 እና ከዚያ በኋላ የመጡ ኮንትሮለሮች ተደጋጋሚ ኤስፒኤን ሲጻፍ ይከለክላሉ፤ ነገር ግን በሁለት ኮንትሮለሮች ላይ በአንድ ጊዜ የተጻፈውንና ከዚያ በፊት የነበረውን አያጸዱም።
5. በዲኤንኤስ ዞን ውስጥ ከአንድ ስም በላይ የያዘ አድራሻን።
6. የሦስት ዝርዝሮችን ልዩነት፦ የሃይፐርቫይዘሩ ማሽኖች፣ የብሮከሩ ማሽኖች፣ የፑሉ ኦዩ ውስጥ ያሉ አካውንቶች። ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ወይም በሁለቱ ብቻ ያለ ስም ሁሉ ሪፖርት ይደረግ።

ስድስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ቀሪዎቹ አምስቱ ዱፕሊኬት ከሆነ በኋላ የሚያዩ ሲሆኑ ይህኛው ነገ ዱፕሊኬት የሚሆነውን ወላጅ አልባ መዝገብ ዛሬ ያሳያል።

ስክሪፕቱ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። አንድ ኮንትሮለር ብቻ ከጠየቀ ያላየው ወገን ላይ ያለው ግጭት ያመልጠዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ኮንትሮለር በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ፣ ዝርዝሮቹንም ያነጻጽር። ሰዓቱን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብትቀጥሩትና በዚያ ሰዓት መብራት ቢጠፋ የዚያ ሌሊት ፍተሻ ይቀራል። በታስክ ስኬጁለር ውስጥ «ያመለጠው ሰዓት ካለ በተቻለ ፍጥነት አስኪድ» የሚለውን ምርጫ ማብራት ይህን ይፈታል። ምንም ካላገኘም «ምንም አልተገኘም» የሚል መልእክት ይላክ። ዝም ያለ ስክሪፕት የሞተ ሊሆን ይችላል።

ሥልጣን በተመለከተ፣ የአክቲቭ ዳይሬክተሪው ክፍል በተራ የዶሜይን ተጠቃሚ አካውንት ይነበባል። ለብሮከሩና ለሃይፐርቫይዘሩ ማንበብ ብቻ የሚፈቅድ ሚና ስጡት።

## ሁለተኛ፦ ኢቨንቶችን መሰብሰብ

የዊንዶውስ ኢቨንት ፎርዋርዲንግ ነጻ ነው፤ ከኮንትሮለሮቹ ሎግ ወደ አንድ ሰብሳቢ ሰርቨር በደቂቃዎች ውስጥ ያመጣል። የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፦ 4741 አካውንት ሲፈጠር፣ 4742 ሲቀየር፣ 4743 ሲጠፋ፣ የኬዲሲ (የከርበሮስ አገልግሎት) ኢቨንት 11 ተደጋጋሚ ስም ሲያጋጥም፣ የኔትሎጎን 5722 እና 5805 ማሽን ማረጋገጫ ሲያጣ። ከማሽኖቹ በኩል 3210 እና 6167 ይጨመራሉ።

ድክመቱ ጩኸቱ ነው። ፑል በታደሰ ቁጥር 4741 በብዛት ስለሚመጣ፣ እያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ ያደረገ ክፍል በሁለተኛው ሳምንት ማየት ያቆማል። የሚሠራው ደንብ ይህ ነው፦ አንድ ስም በመሃሉ 4743 ሳይኖር ሁለት ጊዜ 4741 ከመጣበት አስጠንቅቁ፤ ካልሆነ ዝም በሉ። ለ15 ፊደሉ ግጭት ደግሞ በአንድ አካውንት ላይ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚደጋገም 4742፣ ተከትሎትም 5722 ወይም 5805 ካለ፣ ያ ነው። ስክሪፕቱ የማያየውን ይህን ችግር የሚያይ ነጻ መንገድ ይህ ብቻ ነው።

## ሦስተኛ፦ ክፍት ምንጭ የክትትል መድረክ

ዛቢክስ ካላችሁ የሌሊቱን ስክሪፕት ውጤት እንደ ቁጥር ይቀበላል፤ ቁጥሩ ከዜሮ ሲበልጥ፣ ወይም ለ26 ሰዓት ምንም ቁጥር ሳይመጣ ሲቀር ያስጠነቅቃል። ዋዙህ ደግሞ ኢቨንቶቹን ሰብስቦ ደንብ ያስጽፋል። ሁሉን በአንድ ሰርቨር ለመጫን እስከ 25 ኤጀንት (ማሽን ላይ የሚጫን የክትትል ፕሮግራም) 4 ኮር፣ 8 ጊጋባይት ራምና 50 ጊጋባይት ዲስክ ይመከራል። ሁለቱም የላይሰንስ ክፍያ የለባቸውም፤ በድርጅቱ ውስጥ ስለሚቀመጡ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራሉ። ዋጋቸው የሰው ጊዜ ነው፤ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ከሌለ አትጀምሩት።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ፦ የክትትል ኤጀንቱን ዋናው ኢሜጅ ውስጥ ጭናችሁ አትቅዱ። ሁሉም ክሎኖች የአንድ ኤጀንት መለያ ይዘው ስለሚነሱ ዱፕሊኬት እንዲያገኝ የጫናችሁት መሣሪያ ራሱ ዱፕሊኬት ያመርታል። ኤጀንት የሚያስፈልገው ኮንትሮለሮቹና ብሮከሩ ላይ ነው።

## አራተኛ፦ የብሮከሩ የራሱ መሣሪያ

ሲትሪክስ የተባለው ብሮከር የማሽን አካውንቶችን በአይደንቲቲ ፑል ይይዛል፤ «ቴይንትድ» ወይም «ኢረር» የሚል ሁኔታ ያለባቸውን በፓወርሼል ማውጣት ይቻላል። ሆራይዘን የተባለው ደግሞ መዝገቡን በራሱ ኤልዳፕ ዳታቤዝ ስለሚይዝ ከቪሴንተር (የሃይፐርቫይዘሩ ማስተዳደሪያ) ጋር ያልተስማማውን ለይቶ የሚያወጣ ቪውዲቢቼክ የተባለ ትዕዛዝ አለው። መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ መጀመሪያ የሚነካው ይህ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አትጠብቁ፤ እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ቤት ብቻ ነው።

## አምስተኛ፦ የሚከፈልበት ኦዲት ሶፍትዌር

ቅድመ ዝግጁ ሪፖርት፣ ማን መቼ ምን እንደፈጠረ የሚያሳይ ታሪክ፣ ለኦዲተር የሚሰጥ ሰነድ ይሰጣል። ባንክ ላይ ይህ ሊያስፈልግ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ላይሰንሱ ያለ ኢንተርኔት ይነቃል? ቆጠራው በተጠቃሚ ነው ወይስ በኮምፒውተር አካውንት? (በኮምፒውተር ከሆነ ያልጸዱት መዝገቦች ዋጋውን ይጨምራሉ።) ብሮከሩንስ ያያል? ለሦስተኛው መልሱ ብዙ ጊዜ «አያይም» ነው። የራስን ዶሜይን ለመፈተሽ ያለ ክፍያ የሚፈቀደው ፒንግካስል ሲኤንኤፍና «ዱፕሊኬት» የሆኑትን ይዘረዝራል፤ በወር አንድ ጊዜ ማስኬዱ ይጠቅማል፣ ዕለታዊ ክትትልን ግን አይተካም።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | በደንብ የሚያየው | የማያየው | ፍጥነት | ያለ ኢንተርኔት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሌሊት ስክሪፕት | ሲኤንኤፍ፣ ኤስፒኤን፣ ዲኤንኤስ፣ የሦስቱን ዝርዝር ልዩነት | አንድ አካውንት የሚጋሩ ማሽኖችን | በማግሥቱ | ይሠራል | የሰው ጊዜ |
| ኢቨንት መሰብሰብ | አካውንት መጋራትን፣ አዲስ ግጭትን | የቆየ ቅሪትን፣ ብሮከሩን | በደቂቃዎች | ይሠራል | አንድ ሰርቨር |
| ዛቢክስ ወይም ዋዙህ | የተሰጠውን ሁሉ | ያልተሰጠውን | እንደ አደራረጉ | ይሠራል | ሰርቨርና ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው |
| የብሮከር መሣሪያ | የራሱን ዳታቤዝ | ዲኤንኤስን፣ ሌላ ኦዩን | ሲታዘዝ | ይሠራል | ከብሮከሩ ጋር ይመጣል |
| የሚከፈልበት | ለውጥና ታሪክን | ብዙ ጊዜ ብሮከሩን | በደቂቃዎች | እንደ ላይሰንሱ | በውጭ ምንዛሪ |

## ለማን የትኛው?

አንድ ላብ፣ አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር፣ እስከ 50 ማሽን። አንድ ኮንትሮለር ብቻ ካለ የሪፕሊኬሽን ግጭት የሚመጣበት መንገድ የለም። ስክሪፕቱን በሦስተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ፍተሻ ብቻ ጀምሩ። የአድራሻ ኪራዩን ወደ ጥቂት ሰዓታት አውርዱ፤ ግማሹ ችግር ያለ ምንም ክትትል ይቀንሳል።

ሁለት ቦታ ላይ ያለ ድርጅት፣ በመሃል የሚቆራረጥ መስመር። ስክሪፕቱና ኢቨንት መሰብሰቡ አብረው። ከዚያም በላይ ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ የስም መነሻ ስጡ። የፔዳው ፑልና የዘንዘልማው ፑል በአንድ ፊደል ቢለያዩ መስመር ለቀናት ቢቋረጥ እንኳ ግጭት አይፈጠርም። ቁጥሩን ከፊት፣ ጠቅላላውን ርዝመት ከ12 ፊደል በታች አድርጉት። ይህን የሚያክል ርካሽ መከላከያ የለም።

ሆስፒታል ወይም የባንክ ቅርንጫፎች። የአንድ ሌሊት መዘግየት የማይታገሡ ስለሆኑ ኢቨንት መሰብሰብ የግድ ነው፤ በዋዙህ ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል። የሚከፈልበትን የምመክረው የኦዲት ግዴታ ሲኖር ብቻ ነው።

ሃይብሪድ ያላችሁ። የክላውዱን ማጽዳት ለብቻው በሳምንታዊ ስክሪፕት ያዙት፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሳምንት ስለማይሠራ ከውስጡ ክትትል ጋር አታጣብቁት። ፑሉን በስም መነሻው ለዩ፣ አለበለዚያ የሠራተኛ ላፕቶፕ አብሮ ይጠፋል።

## ከተገኘ በኋላ

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ በራሱ እንዲያጠፋ አትፍቀዱለት። ሲኤንኤፍ የተጻፈበት ሁልጊዜ ሙት አይደለም፤ ማሽኑ እየተጠቀመበት ያለው አካውንት እሱ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ የተዛባ ኮንትሮለር ካለ፣ ለምሳሌ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የባዮስ ባትሪው ያለቀበት፣ የተሳሳተው አካውንት ስሙን ይዞ ሊቀር ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የሁለቱን አካውንቶች ኤስአይዲ ማሽኑ ከሚያውቀው ጋር አስተያዩ። ፓስወርዱ መጨረሻ የተቀየረበትን ቀን ተመልከቱ። የመጨረሻ ሎግኢንን በየኮንትሮለሩ ለየብቻ ጠይቁ፤ በሪፕሊኬሽን የሚተላለፈው «ላስት ሎጎን ታይምስታምፕ» ከ9 እስከ 14 ቀን ወደኋላ ሊቀር ስለሚችል በእሱ ብቻ አትፍረዱ። ቢትሎከርና ላፕስ (የዲስክ መቆለፊያና የአድሚን ፓስወርድ መያዣ) የሚጠቀም ማሽን ከሆነ ቁልፎቹ አካውንቱ ላይ ስለሚቀመጡ አስቀድማችሁ ገልብጧቸው። ከዚያ አካውንቱን ዝጉት፣ ለብቻው ወደ ተለየ ኦዩ አዛውሩት፣ ቢያንስ 30 ቀን አቆዩት፣ ከዚያ አጥፉት። አካውንቱን ከማጥፋታችሁ በፊት የአክቲቭ ዳይሬክተሪው ሪሳይክል ቢን ሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ አካውንቱን ካጠፋችሁ በኋላ ሪሳይክል ቢኑን ማስጀመር የጠፋውን አይመልስም።

ክትትሉ መሥራቱን ለመፈተን ደግሞ ማንም የማይጠቀምበት አንድ አድራሻ መርጣችሁ በዲኤንኤስ ላይ ሁለት የሙከራ ስም ስጡት፤ ጠዋት ሪፖርቱ ላይ ካልወጣ አምስተኛው ፍተሻ ተሰብሯል። ለሲኤንኤፍ ፈተና ሁለት ኮንትሮለር ያለው የተለየ የሙከራ ዶሜይን ያስፈልጋል። በሬፕአድሚን (የሪፕሊኬሽን ማስተዳደሪያ ትዕዛዝ) አማራጩን በመደመር ምልክት ሰጥታችሁ የሁለቱንም ገቢ ሪፕሊኬሽን ዝጉ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ስም ያለው አካውንት ፍጠሩ፣ ከዚያ በዚያው ትዕዛዝ የመደመር ምልክቱን በመቀነስ ተክታችሁ ሪፕሊኬሽኑን መልሳችሁ ክፈቱ። የተዘጋ ሪፕሊኬሽን ተረስቶ ከ180 ቀን በላይ ከቆየ ያ ኮንትሮለር ወደ ዶሜይኑ መመለስ የለበትም፤ ከእንደገና ይተከላል።